በበግ ጠጉር የተሸመነ ሥዕል ለወሎ እንግዳ ነው ወይ? ከደሴ የተከፈተ ክርና 43 መልሶቹ

ክሩን፣ ማለትም ይህን የኢንተርኔት ውይይት፣ የከፈትኩት ሐሙስ ማታ ነው። ጎረቤት ቡና ተጠርቼ ሄጄ፣ ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ጭጋግ መንገዱን ሳይሸፍነው ቶሎ ተመለስኩ። ያየሁት ነገር ግን ከሐሳቤ አልወጣ አለ። አዲስ ነገር አይደለም፤ ግድግዳ ላይ የተሰቀለች የፋብሪካ ምንጣፍ ናት። ደሴም፣ ኮምቦልቻም፣ ወልዲያም ሳሎን የገባ ሰው ያውቃታል። አንዱ ቤት አንበሳ፣ አንዱ ቤት ጣዎስ፣ አንዱ ቤት ካዕባ፣ አንዱ ቤት የጌታ እራት ናት። የቤቱ እናት ብርድ እንደያዘኝ አይተው ከሶፋው ጀርባ ባና አወጡና እግሬ ላይ ጣል አደረጉልኝ። ነጭና ጥቁር የበግ ጠጉር፣ በእጅ የተፈተለ፣ በእጅ የተሸመነ። በዕድሜ እኔን ይበልጣል። ከውጭ የመጣው ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፤ የኛው ከሶፋ ጀርባ ተወሽቋል።

ጥያቄዬ ይህ ነበር፦ በሌላው ዓለም ታፒስትሪ እየተባለ ቤተ መንግሥትና ሙዚየም ውስጥ የሚሰቀለው ሥዕላዊ ሽመና ለወሎ እጅ እንግዳ ነው ወይ? ጠጉሩ አለን፣ ፈታይዋ አለችን፣ ሸማኔው አለን። ታዲያ ግድግዳችንን ለምን ለፋብሪካ ሰጠን? የራሴን አቋምም አልደበቅኩም። እንግዳ አይደለም ባይ ነኝ። ሁለት ዓመት ሆነኝ፤ አናጢ በሠራልኝ የባሕር ዛፍ ፍሬም ላይ ድር ወጥሬ፣ ከገበያ በገዛሁት የተፈተለ ጠጉር ማግ፣ ማለትም አግዳሚውን ክር፣ እያስገባሁ፣ ሥዕል ለመሸመን እየታገልኩ ነው።

መልሱ 43 ደርሷል። ዘግይታችሁ ለገባችሁት ከላይ ጀምሬ የተባባልነውን በራሴ አፍ ልንገራችሁ።

መልስ 1 አብሽሪ የሚል ነው፤ ምርቃትም አለበት። መልስ 2 በትሕትና የጠየቀች እህት ናት። ጥልፍና ይህ እኔ የምለው ነገር ልዩነቱ ምንድን ነው፣ ሁለቱም ክር አይደሉም ወይ ብላለች። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል፤ መጠየቋ ጠቀመን።

መልስ 3 አስተማሪ ይመስለኛል፣ አጻጻፉ ረጋ ያለ ነው። ጥልፍ ጨርቁ ተሠርቶ ካለቀ በኋላ በመርፌ የሚጨመር ጌጥ ነው፤ በሥዕላዊ ሽመና ግን ሥዕሉና ጨርቁ አብረው ይወለዳሉ፤ ሥዕሉን ልንነቅለው ብንል ጨርቅ የሚባል ነገር አይቀርም ብሎ አስረዳ። ከዚያም ባየ በምትባል የፈረንሳይ ከተማ ያለውን ጨርቅ ጠቀሰ። ኖርማኖች እ.ኤ.አ. በ1066 እንግሊዝን መውረራቸውን የሚተርክ፣ 68 ሜትር ገደማ የሚረዝም ሥራ ነው። ዓለም ሁሉ ታፒስትሪ እያለ ይጠራዋል፤ በተልባ ጨርቅ ላይ በጠጉር ክር የተጠለፈ ጥልፍ እንጂ ሽመና ግን አይደለም። ስሙን ፈረንጆቹም ከተሳሳቱት እኛ ብናደናግር አይፈረድብንም ሲል ጨርሷል።

መልስ 4 አባቱ ሸማኔ የነበሩ የኮምቦልቻ ልጅ ነው። እሱ ነገሩን ወደ ጉድጓዱ፣ ወደ መወርወሪያው አወረደልን። ነጠላ ሲሠራ ድርና ማግ እኩል ይታያሉ፤ ማጉም ከዳር እስከ ዳር ይሄዳል። ጥለት ላይ ሲደርስ ሸማኔው በዋናው ማግ ላይ ሌላ ባለቀለም ማግ በጣቱ እየለቀመ ይጨምራል። ስለዚህ የኛ ሸማኔ በጣቱ መልቀም ያውቃል፤ ለሥዕል የሚያስፈልገው ጣት አለው ማለት ነው። ልዩነቱ በሥዕላዊ ሽመና ድሩ ፈጽሞ መሸፈኑ ነው፤ ማጉም ከዳር እስከ ዳር አይሄድም። ቀዩ በቀዩ ግዛት ይመላለሳል፣ ጥቁሩ በጥቁሩ ግዛት ይመላለሳል፣ ድንበር ሲደርሱ ይመለሳሉ።

እዚህ ላይ እኔም ገባሁ፤ የእጄን ነገር ስለነካብኝ። ሁለት ቀለሞች ቀጥ ባለ መስመር ጎን ለጎን ሲመላለሱ በመካከላቸው ጨርቁ ይሰነጠቃል። ጣት ይገባበታል። የመጀመሪያ ሥራዬ ላይ ስንጥቁን ሳይ ያበላሸሁ መስሎኝ አንድ ማታ ሙሉ ፈታሁት። በኋላ ነው ኪሊም የሚባለው የቱርክና የፋርስ ሽምን ምንጣፍ ብዙው እንዲህ እንደሚሰነጠቅ ያወቅኩት። ወይ በኋላ በመርፌ ይሰፋል፣ ወይ ሁለቱ ማጎች ድንበሩ ላይ ይጠላለፋሉ፣ ወይ መስመሩ ቀጥ እንዳይል እንደ ደረጃ ይወጣጣል። ሌላው ጥፋቴ የባሰ ነበር። ማጉን ወጥሬ ስጎትት የጨርቁ ወገብ ገባ። ታችና ላዩ ሰፊ፣ መሐሉ እንደ ጀበና አንገት ሆነ። መድኃኒቱ ማጉን ጎትቶ መዘርጋት ሳይሆን እንደ ደጋን ላላ አድርጎ አጉብጦ ማሳለፍ፣ ከዚያ በሹካ ወደ ታች መምታት ነው። ያጎበጠው ትርፍ ክር ድሩን እየዞረ ይሸፍነዋል። ይህን የነገረኝ ሰው የለም፤ ሦስት ጊዜ ፈትቼ ነው የደረስኩበት።

መልስ 5 ላይ አየሩ ተቀየረ። ጸሐፊው ይህ የአውሮፓ ነገሥታት ቅንጦት ነው፣ እኛ ያልነበረንን ነበረን እያልን ታሪክ አንፍጠር፣ ባና ለብርድ ነው የተሠራው፣ ባና ሥዕል ነበር የሚል ሰው አያቱን ይጠይቅ ብሎ ጻፈ። መልስ 6 ከሱም ብሶ ደሴ ተቀምጦ ስለ ታፒስትሪ ማውራት ሥራ መፍታት ነው አለ። መልስ 6ን አልፌዋለሁ። መልስ 5 ግን አንድ እውነት ይዟል፤ ባና ለብርድ ነው የተሠራው። በሌላው ነገር አልተስማማሁም።

ክሩን ክር ያደረገው መልስ 7 ነው። ረጅም ነው፤ ሁላችሁም ሙሉውን እንድታነቡት እለምናለሁ። ጸሐፊዋ ኢትዮጵያ ውስጥ በክር ብቻ የተሠሩ ሁለት ሥዕሎች እንደነበሩ፣ ሁለቱም ዛሬ በሰው አገር እንዳሉ ትናገራለች። አንዱ ለንደን፣ በብሪቲሽ ሙዚየም፤ ሌላው ቶሮንቶ፣ በሮያል ኦንታሪዮ ሙዚየም ነው። በጎንደር ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ ከሐር የተሠሩ ናቸው። የቶሮንቶው ከ5 ሜትር በላይ ይረዝማል፤ የሰው ምስሎች ከላይ እስከ ታች ተደርድረውበታል። ሁለቱም ከአገር የወጡት ከመቅደላው ዘመቻ ጋር ነው። አፄ ቴዎድሮስ ጎንደርን ከዘረፉ በኋላ ከየአድባራቱ የተወሰደው ንዋያተ ቅድሳትና መጽሐፍ መቅደላ ላይ ተከማችቶ ነበር። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. አምባው ሲወድቅ የእንግሊዝ ጦር ያንን ሁሉ በ15 ዝሆንና በ200 ገደማ በቅሎ ጭኖ ወደ ደላንታ ሜዳ አወረደውና ሁለት ቀን በጨረታ ሸጠው። ከጨረታውም 5,000 ፓውንድ ገደማ ተገኘ። ጸሐፊዋ የደላንታ ልጅ ናት። ከብት ያገደችበት ሜዳ ላይ ያ ሁሉ ቅርስ እንደ ሰልባጅ በእጣና በጨረታ መሸጡን ያወቀችው ዩኒቨርሲቲ ገብታ ነው። ስለዚህ ሥዕላዊ ሽመና ለወሎ እንግዳ ነው ወይ ለሚለው የሷ መልስ፣ ከኢትዮጵያ ትልቁ የክር ሥዕል በኛ መሬት ላይ ተረግጦ አልፏል የሚል ነው።

ይህን አንብቤ ለደቂቃዎች ምንም መጻፍ አልቻልኩም።

መልስ 8 አራሚ ነው፤ የሱን ዓይነት ሰው እወዳለሁ። ለመልስ 7 ያለውን አክብሮት ገልጾ፣ የጎንደሮቹ መጋረጃዎች በአሠራር ረገድ ታፒስትሪ እንዳልሆኑ፣ እንዲያውም የታፒስትሪ ተቃራኒ እንደሆኑ ጻፈ። እነሱ የተሠሩት በሰሌዳ ነው። በአራት ማዕዘናቸው ቀዳዳ ያላቸው ትንንሽ ሰሌዳዎች ብዙ ሆነው ይደረደራሉ፤ በየቀዳዳው አንዳንድ ድር ያልፋል፤ ሰሌዳዎቹ ሲዞሩ ድሮቹ ቦታ ይቀያየራሉ፤ ማጉ በመካከል ያልፋል። ሥዕሉን የሚያወጣው ድሩ ነው፤ ማጉ ተሸፍኖ ይቀራል። በታፒስትሪ ደግሞ ድሩ ተሸፍኖ ማጉ ነው ሥዕል የሚሆነው። መልስ 4 የተናገረው ግልብጡ ማለት ነው። እኔ በመክፈቻዬ ሥዕላዊ ሽመናን ሁሉ ታፒስትሪ ብዬ ስለነበር ስሕተቴን እዚያው ተቀብዬ አረምኩ። ግን አንድ ነገር ጨመርኩበት። አሠራሩ ቢለያይም ሐሳቡ አንድ ነው። ሰው፣ ዘውድና መስቀል ከጨርቁ ጋር አብረው ይወለዱ ያለ እጅ እዚህ አገር ነበረ።

መልስ 9 ከላስታ በኩል የመጣ ዲያቆን ነው። እነዚያ መጋረጃዎች ለጌጥ እንዳልነበሩ፣ መቅደሱን ከቅድስቱ የሚለየው መንጦላዕት መሆናቸውን አስታወሰን። መጋረጃው ሲከፈትና ሲዘጋ ከቅዳሴው ጋር የሚሄድ ትርጉም አለው፤ ስለዚህ ሙዚየም ግድግዳ ላይ ተወጥሮ ማየት ለሱ በር ከነመቃኑ ተነቅሎ እንደተሰቀለ ነው። ምሳሌው ልቤን ነካኝ።

ከመልስ 10 እስከ 13 ከክሩ ወጣን። ስለ መቅደላ ከተነሣ መቼም ዝም የሚል የለም። ታቦታቱ ተነሡ፣ ልዑል ዓለማየሁ ተነሣ፣ እ.ኤ.አ. በ2019 ከእንግሊዝ የተመለሰው የቴዎድሮስ ጸጉር ተነሣ። መልስ 12 ቴዎድሮስም ጎንደርን ዘርፈዋል፣ ዘራፊን የዘረፈ ላይ ለምን እንጮኻለን ብሎ ጻፈ። መልስ 13 በስድብ መለሰለት። ስድቡን አልደግመውም። ሁለቱንም ወደ ሽመናው ተመለሱ ብዬ ለመንኳቸው፤ መልስ 12 ተመለሰ፤ መልስ 13 እስካሁን አልተመለሰም።

መልስ 14 የእንስሳት ባለሙያ ነው። የደጋ በጎቻችን ጠጉር ሻካራና ዘርዛራ እንደሆነ፣ ለቆዳ ለሚነካ ልብስ ባይመችም ለምንጣፍና ለግድግዳ ሥራ ሻካራነቱ እንደሚጠቅም አስረዳ። ከደብረ ብርሃንና ከአመድ ጓያ ማራቢያ የሚወጡት አዋሲ ከሚባለው የውጭ ዝርያ የተዳቀሉ በጎች ብዙ ጠጉር እንደሚሰጡና ቀለም የሚቀበል ነጭ ጠጉር የፈለገ ሰው ከነሱ ሸላቾች እንዲጠይቅ መከረ። እኔ ግን በዚህ ነገር ግትር ነኝ። በጉ ራሱ ነጭ፣ ጥቁርና ቡናማ አድርጎ የሰጠኝን ቀለም ነው የምወደው። ግራጫ የሚገኘው ነጭና ጥቁሩን ባዘቶ ላይ አደባልቆ በመፍተል ነው፤ ከሩቅ ሲያዩት በክረምት ጭስ የለበሰ የደላንታ ገደል የሚመስል ቀለም አለው።

መልስ 15 እስከ 18 ዜማ ሆነ። አንዱ ወሎዬ ከአምባሰልና ከባቲ ሌላ ሥዕል አያስፈልገውም አለ፤ ሌላው አንቺ ሆዬን ረሳኸው ብሎ ቆጣ አለ፤ ሦስተኛዋ ትዝታን ጨምራ አራቱን ቅኝት ሞላች። ከዚህ መካከል አንድ ቁም ነገር የተናገረው መልስ 17 ነው። ባና ላይ ጥቁርና ነጩ መስመር የሚደጋገምበት መንገድ ከዜማ ምልልስ ጋር ይመሳሰላል ብሎ ነበር። ልሞክረው እያሰብኩ ነው።

መልስ 19ን ያነበብኩት ቆሜ ነው። ጸሐፊዋ ስሟን መግለጽ አልፈለገችም። አባቷ ሸማኔ ነበሩ። ትምህርት ቤት የሰማችውን ስድብ ጽፋዋለች፤ ቁጢት በጣሽ የሚለውን። ከዚህ ሁሉ የጥበብ ሙገሳ በፊት ሸማኔን ስናዋርድ እንደኖርን አምነን እንጀምር አለች። ድምጿ ቁጡ ነበር፤ ቁጣዋም ይገባታል። ጥበቡን ለበዓል ለብሰን ሠሪውን ከማዕድ ስናርቅ ኖረናል። መልስ 20 በዚህ ላይ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ያወጁትን አዋጅ አነሣ። ብረት የሚሠራውን ጠይብ፣ ሸማ የሚሠራውን ቁጢት በጣሽ፣ ቆዳ የሚፍቀውን ፋቂ እያላችሁ አትስደቡ ያሉበት ነው። መልስ 19 መልሳ፣ አዋጁ ከወጣ መቶ ዓመት ሲያልፈው እሷ ስድቡን ክፍል ውስጥ እንደሰማች ብቻ ጻፈች። ከዚያ በኋላ ማንም አዋጁን አላነሣም። ለመልስ 5 የምሰጠው መልስም እዚህ ላይ አለ። ሥዕል የሚሸምን ጣት ጠፍቶ አይደለም ግድግዳችን ባዶ የቀረው፤ ጣቱን የያዘውን ሰው አሳንሰን ስላየን ነው።

መልስ 22 የዋጋ ጥያቄ ነው፤ አንድ ሜትር በሰባ ሳንቲ ሜትር የሆነች ሥራ ስንት ትሸጫለሽ ብሎኛል። እውነቱን ተናገርኩ። ያቺን መጠን ለመጨረስ ማታ ማታ እየሠራሁ ስድስት ሳምንት ይፈጅብኛል። የመጀመሪያዋን አዲስ አበባ የሚገኝ አንድ ሱቅ ሲሸጥ ይከፈልሻል ብሎ ወሰደብኝ። ተሸጠች፤ ገንዘቡ ግን አልመጣም። ብሩን ከማጣቴ ይልቅ የከነከነኝ ሱቁ ሥራዬ ላይ የለጠፈው ወረቀት ነው። ከሌላ አገር የመጣ የእጅ ሥራ ይል ነበር። እዚህ ደሴ ላይ፣ ከወረኢሉ ገበያ በመጣ ጠጉር፣ በአንዲት ወሎዬ እጅ የተሠራን ነገር ሰው እንዲወደው አገሩን መደበቅ አስፈለገው። ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱ ሥራ ጀርባ ላይ፣ ሥር በኩል፣ ደሴ የሚለውን ቃል በጥቁር ማግ እሸምነዋለሁ። ተሸምኗልና አይላጥም።

መልስ 23 እስከ 25 አይዞሽ ባዮች ናቸው። አመሰግናለሁ።

መልስ 26 ጀርመን አገር የሚኖር የሐይቅ ልጅ ነው፤ ሥዕላዊ ሽመና በዛሬው ዓለም ለምን እንደገና እንደተወደደ ጠቅለል አድርጎ ነገረን። በጥንቱ የአውሮፓ ግንብ ውስጥ ታፒስትሪ የሚሰቀለው ለሥዕሉ ብቻ አልነበረም፤ ድንጋዩ ብርድ ስለነበረ ነው። ንጉሡ ሲጓዝ ተጠቅልሎ በበቅሎ ይጫናል፣ በሄደበት ይሰቀላል፤ ተንቀሳቃሽ ግድግዳ ማለት ነው። ዛሬ ደግሞ የምንኖረው በብሎኬትና በኮንክሪት ቤት ውስጥ ነው፤ ድምፁ ያስተጋባል፣ ግድግዳው ይቀዘቅዛል። ጠጉር ድምፅ ይውጣል። እሱ ቤት ከእናቱ የተላከለት ባና ከሶፋው በላይ ተሰቅሏል፤ ጎረቤቶቹ ሁሉ የት ተገዛ እያሉ ይጠይቁታል። ከዚያ ቀጥሎ ኒው ዮርክ፣ ከጸጥታው ምክር ቤት አዳራሽ በር ላይ የተሰቀለችውን ጉዌርኒካ አነሣ። ሥዕሉ የፒካሶ ነው፤ እዚያ ያለው ግን ዣክሊን ደ ላ ቦም ዱርባክ የምትባል ፈረንሳዊት እ.ኤ.አ. በ1955 የሸመነችው ነው። ፖላንዳዊቷ ማግዳሌና አባካኖቪች ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ሽመናን ከግድግዳ አውርዳ ክፍል መሐል እንደ ዛፍ አቆመችው።

እኔን ከሁሉ ያጓጓኝ ግን የግብፁ ታሪኩ ነው። ራምሲስ ዊሳ ዋሴፍ የሚባል አርክቴክት ከካይሮ አጠገብ ሐራኒያ በምትባል መንደር የገበሬ ልጆችን ሰብስቦ ሽመና አስተማረ። ንድፍ አትቅዱ፣ ሌላ ሥዕል አትመልከቱ፣ በልባችሁ ያለውን በቀጥታ ድሩ ላይ ሸምኑት አላቸው። ልጆቹ ተምር፣ ዳክዬ፣ አባይ ወንዝ፣ የሠርግ ቀን ሸመኑ። ሥራቸው ዓለምን ዞረ። ይህን ሳነብ ያየሁት የሐራኒያን ልጆች አልነበረም። ቦርከና ዳር ውሃ የሚቀዱ ልጆችን፣ ባቲ ሰኞ ገበያ የሚገቡ ግመሎችን፣ ቀይ ጤፍ የሚወቃበትን አውድማ አየሁ። ሁሉም በበግ ጠጉር ሊሆን የሚችል ነው።

መልስ 28 ከዚህ ጋር የሚሄድ ነገር አመጣች። ፈረንሳይ አንዤ ከተማ ውስጥ የዮሐንስን ራእይ የሚያሳይ፣ በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ የተሸመነ ትልቅ ሥራ አለ። በአብዮቱ ጊዜ ተቆራርጦ የፈረስ ጋጣ መሸፈኛና የወለል ምንጣፍ ሆነ። በኋላ ቁርጥራጩን ሰብስበው ሰፉት፤ ዛሬ 100 ሜትር ያህሉ ተርፏል። ሰው ከጋጣ እያወጣ ነው ያዳነው። ይህን ሳነብ የአያቴ ባና ትዝ አለኝ። እሷ ካረፈች በኋላ ስፈልገው ያገኘሁት ገጠር፣ አጎቴ ቤት፣ በቅሎ ጀርባ ላይ ከኮርቻው ሥር ነው። ማንንም አልወቀስኩም፤ በቅሎዋም ብርድ አለባት። ግን አጥቤ አምጥቼዋለሁ። የኮርቻው ጠርዝ ያሻሸው ቦታ ላይ ማጉ አልቆ ድሩ ብቻ ቀርቷል። ድሩ እንዴት እንደተወጠረ ያየሁት፣ ሽመናውንም የተማርኩት ከዚያ ቀዳዳ ነው።

መልስ 31 መራር ነው። ይህ ሁሉ ወሬ ልጆቻችንን አያበላም፣ የወሎ ልጅ እየጠፋ ያለው ወደ ዓረብ አገር ነው፣ ስለ ግድግዳ ጌጥ የምታወሩት ጠግባችሁ ነው አለ። አላረምኩትም፤ መራር መሆን መብቱ ነው። የመለሰችለት መልስ 32 ናት፤ ጅዳ በሰው ቤት የምትሠራ የተንታ ልጅ። እሷ የምታጸዳው ቤት ሳሎን ውስጥ በእጅ የተሠራ የፋርስ ምንጣፍ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። የቤቷ እመቤት ዋጋውን ነግራታለች። የሁለት ዓመት ደመወዟ ነው። እናቷ ጠጉር ፈታይ እንደነበሩ፣ ያንን ምንጣፍ አቧራውን በጠረገች ቁጥር ቋጠሮውን በጣቷ እየዳሰሰች ይህን እኛም እንችላለን እንደምትል ጻፈች። ስትመለስ ፍሬሙ የት እንደሚሠራ ጠየቀችኝ። የአናጢውን ሰፈር በውስጥ መስመር ልኬላታለሁ። መልስ 33 ራሱ መልስ 31 ነው፤ እህቴ ሆይ ይቅርታ፣ አላህ በሰላም ያግባሽ ብሎ ወጣ።

ከመልስ 34 እስከ 40 የእጅ ጥያቄዎች ናቸው፤ ባጭሩ ልለፋቸው። ለድር ጠጉር አትጠቀሙ፣ ይላላል፣ ይበጠሳል፤ በደንብ የተጠመዘዘ ጥጥ ወይም ሲባጎ ይሁን። ብል ለሚፈራ፣ በወር አንዴ አውርዶ ፀሐይ ላይ ማራገፍ ነው፤ ብል የሚወደው ጨለማና ያልተነካ ቦታ ነው፣ ከሶፋ ጀርባ የታጠፈው ባና ከተሰቀለው ቀድሞ የሚበላውም ለዚህ ነው። ቀለም ለሚነክር ኮምጣጤ ይጨምርበት፣ ውሃው ቀስ ብሎ ይሙቅ፤ ጠጉር ድንገት ከሙቅ ወደ ቀዝቃዛ ከገባ ይጣበቃል። መልስ 38 ይህን ተቃውማ፣ እናቷ ባናውን ሆን ብለው በሙቅ ውሃ እየረገጡ ያጣብቁት እንደነበር ተናገረች። ሁለታችንም ልክ ነን። ለብርድ ከሆነ ይጣበቅ፣ ዝናብ አያስገባም። ለሥዕል ከሆነ ግን መስመሩ ይደበዝዛል።

መልስ 41 ላይ መልስ 5 ተመልሶ መጣ። አያቱን እንዲጠይቅ ለሌላው ያለውን ራሱ አድርጎታል። አያቱ ባና ለብርድ ነው ብለውታል። ግን ለሙሽራ የሚሠራው ባና መስመሩ እንደሚለይ፣ ዳሩ ላይ ሸማኔው የራሱን ምልክት እንደሚያስገባ፣ ገበያ ላይ ምልክቱን አይተው የማን እጅ እንደሆነ ይለዩት እንደነበር ነግረውታል። ሥዕል ነው አላሉም ብሎ ጨመረ። እኔም አላልኩም። ግን ሠሪው ስሙን በክር ጽፎበት ነበር ማለት ነው።

መልስ 43 ትናንት ማታ የገባው ነው። ከዋድላ በኩል ያሉ አንድ አባት ናቸው፤ የሚጽፍላቸው የልጅ ልጃቸው ነው። እናታቸው ያሠሩት ባና ሦስት ዝርግ ሆኖ ተሸምኖ በኋላ ጎን ለጎን የተሰፋ ነው፤ የሸማኔው ዕቃ ከዚያ በላይ ስፋት ስለማያወጣ። የቶሮንቶውም የጎንደር መጋረጃ ሦስት ዝርግ ተጋጥሞ የተሰፋ መሆኑን ነገርኳቸው። ዝም አሉ፣ ወይም ልጁ ሊጽፍልኝ ዘገየ። ከዚያ መጣ። የመጋጠሚያው ስፌት በምን ክር እንደሆነ እንድጠይቅላቸው ይፈልጋሉ፤ የሳቸው ባና መሐለኛው ስፌት ተተርትሯል፣ ጥቁር ክር ነበረ፣ ፍየል ይሁን በግ አያስታውሱም። አንቱ ባናውን ይዘው ደሴ ይምጡ፣ ስፌቱን ፈትቼ ክሩን እናያለን፣ መልሼ እሰፋዋለሁ አልኳቸው። ቅዳሜ በሚነሣው አውቶቡስ እንደሚመጡ ልጁ ጽፎልኛል።